ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ጭቃ ውስጥ ለምን ይቆማል?

በአገራችን አንድ መኪና ዳገትና ጭቃ የማይበግረው መሆኑን ለመግለጽ ሲፈለግ «ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ነው» ይባላል። ሹፌሩም፣ ነጋዴውም፣ ወደ ገጠር የሚመላለሰው የጤና ሠራተኛም የሚጠቀሙበት አነጋገር ይኸው ነው። ዲፈረንሻል የጥንካሬ ምልክት ሆኖ ስለሚቆጠር፣ ሁለት ያለው መኪና አንድ ካለው እጥፍ ይበረታል ተብሎ ይታመናል። እኛም በመምህራን ማሠልጠኛ ፊዚክስ ስናስተምር ይህንኑ ሳንመረምር ስንደግመው ኖረናል።

እምነታችንን ያናጋው አንድ የክረምት ቀን ነው። እጩ መምህራን ይዘን ለትምህርታዊ ጉብኝት ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ እነዋሪ አካባቢ ሄደን ነበር። ስንመለስ የተሳፈርንበት ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ከጠጠሩ መንገድ ዳር ተንሸራተተና የግራ ጎማዎቹ ዋልካ ውስጥ ገቡ። የቀኝ ጎማዎቹ ግን ጠጠሩ ላይ ነበሩ። ሹፌሩ የፊቱን ዲፈረንሻል አስገብቶ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር የግራዎቹ ጎማዎች ጭቃውን እየረጩ እንደ እንዝርት ይሾራሉ፤ የቀኞቹ ደህና መሬት ላይ ቆመው ንቅንቅ አይሉም። ይህን ጊዜ አንዱ እጩ መምህር ወደ እኛ ዞሮ፣ «መምህር፣ የቀኙ ጎማ እኮ ጠጠር ላይ ነው፤ ሞተሩም ይሠራል። ታዲያ ለምን አይገፋም?» ሲል ጠየቀ።

«ሞተሩ አቅም አንሶት ይሆናል» አልነው። ሹፌሩ ይህን ሲሰማ ፈገግ አለ። ሞተሩ ሁለት ጎማ እንደዚያ እያሾረ አቅም አንሶት ነው ማለት በእርግጥም የሚያስቅ መልስ ነበር። የአካባቢው ሰዎች አካፋ ይዘው ደርሰው፣ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ረብርበው አወጡን። ይህ ጽሑፍ በዚያ ቀን ልንሰጠው ይገባን የነበረው መልስ ነው።

ቀንበሩና ዲፈረንሻሉ

መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ከመንገዱ ማዶ አንድ ገበሬ ጥማድ በሬውን ይዞ ያርስ ነበር።

ቀንበር በሁለት በሬዎች ጫንቃ ላይ የሚጋደም እንጨት ነው። ሞፈሩ በምራን የሚታሰረው ከቀንበሩ መካከል ላይ ነው። ስለዚህ ቀንበር ማለት ከመካከሉ የተያዘ መፈንቅል ነው። በመፈንቅል ሕግ መሠረት ከመካከል እኩል ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ጉልበቶች ሚዛናቸውን የሚጠብቁት እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። የቀኙ በሬ ከግራው አብልጦ ቢስብ ትርፉ ወደ ማረሻው አይደርስም፤ ቀንበሩ ይጣመምና የቀኙ በሬ ይቀድማል፣ የግራው ይቀራል። የግራው በሬ ፈጽሞ ቢለግም የቀኙ የቱንም ያህል ብርቱ ይሁን፣ ቀንበሩን ከማዞር በቀር ሞፈሩን ሊጎትት አይችልም። ገበሬ በሬ ሲያጣምድ እኩያ የሚፈልገው ስለዚህ ነው። እኩያ ያጣ እንደ ሆነ ደግሞ ምራኑን ከመካከል ወደ ብርቱው በሬ ጠጋ አድርጎ በማሰር ለብርቱው የበለጠውን ድርሻ መስጠት ይቻላል። ይህም ያው የመፈንቅል ሕግ ነው።

ዲፈረንሻል ከብረት የተሠራ ቀንበር ነው። ከሞተሩ የሚመጣው ረጅም ዘንግ፣ ካርዳን የሚባለው፣ በጫፉ ባለው ትንሽ ማርሽ አማካይነት ትልቁን ክብ ማርሽ ያዞራል። በጋራዥ «ኮሮና» የሚሉት ይህን ትልቅ ማርሽ ነው። ከኮሮናው ጋር የተያያዘ አንድ ቤት አለ፤ በቤቱ ውስጥም በአንድ ሚስማር ላይ እንደ ልብ የሚዞሩ ትንንሽ ማርሾች ይገኛሉ። የእነዚህ ጥርሶች በአንድ ወገን ወደ ግራ ጎማ ከሚሄደው ዘንግ ማርሽ ጋር፣ በሌላው ወገን ወደ ቀኝ ጎማ ከሚሄደው ዘንግ ማርሽ ጋር ተነካክሰዋል። እንግዲህ ሚስማሩ ምራን ነው፤ ትንሹ ማርሽ ቀንበር ነው፤ ሁለቱ ጎማዎች ሁለቱ በሬዎች ናቸው። ትንሹ ማርሽ ከመካከሉ ተገፍቶ ግራና ቀኙን እኩል ይገፋል። አንደኛው ወገን የማይቋቋመው ከሆነ በሚስማሩ ላይ ይዞራል እንጂ ሌላውን ወገን አብልጦ ሊገፋ አይችልም።

ስለዚህ የእጩ መምህሩ ጥያቄ መልስ ይህ ነው፤ የቀኙ ጎማ ያልገፋው የግራው ስለ ለገመ ነው። ጭቃው ውስጥ ያለው ጎማ መሬቱን የሚገፋው በጥቂቱ ነው፤ ጠጠሩ ላይ ያለውም ከዚያች ጥቂት አንዲት ፍሬ አይበልጥም።

ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት አንድ ሜትር የሚሆን እንጨትና ገመድ ይበቃል። ገመዱ ከእንጨቱ መካከል ላይ ይታሰር። ሁለት ተማሪዎች ጫፍና ጫፉን በአንድ በአንድ እጃቸው ይያዙ፤ ሦስተኛው ገመዱን ይጎትት። አንደኛው ተማሪ ጫፉን በድንገት ቢለቅ ሌላኛው በእጁ ምንም ጉልበት አይሰማውም፤ እንጨቱ ዞሮ ይሄዳል። ባለ ሞላ ሚዛን ያለው ትምህርት ቤት በሁለቱ ጫፎች ላይ ቢያንጠለጥል፣ ጎታቹ በጠነከረም በላላም ጊዜ ሁለቱ ሚዛኖች እኩል ሲያነቡ ተማሪው በዓይኑ ያያል። እኛ ይህን ከሞከርን ወዲህ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የዲፈረንሻል ሥዕል ለመሣል የምናጠፋው ጊዜ በጣም አንሷል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ጉድለት ያለበት ዕቃ ለምን ተፈለገ? መኪና ቀጥ ብሎ ብቻ ቢሄድ ኖሮ አያስፈልግም ነበር። በመታጠፊያ ላይ ግን የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት 1.3 ሜትር ነው እንበል። መኪናው አንድ ሙሉ ክብ ሲዞር በሁለቱ ጎማዎች መንገድ መካከል ያለው ልዩነት 2 × 3.14 × 1.3፣ ማለትም 8.2 ሜትር ያህል ይሆናል። ክቡ ጠባብም ይሁን ሰፊ ልዩነቱ ያው ነው። ይህ ለምን እንደ ሆነ ተማሪዎች ራሳቸው እንዲያረጋግጡ ማድረግ ጥሩ የሒሳብ ጥያቄ ይወጣዋል። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ድፍን ዘንግ ላይ ቢጣበቁ ኖሮ አንዱ በግድ መንሸራተት ነበረበት። ይህን ችግር ያየው ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔከር እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጨረሻ በእንፋሎት ለሚሄድ ጋሪ ዲፈረንሻልን አስመዘገበ፤ የቤንዚን መኪና ገና ሳይታሰብ ማለት ነው።

ሞተሩ አቅም አንሶት ይሆን?

የመጀመሪያው መልሳችን ምን ያህል ስሕተት እንደ ነበረ በቁጥር ማየት ይገባል። ለምሳሌ የምንወስደው እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ድረስ የተሠራውን፣ ሲሪስ ሦስት የሚባለውን ላንድሮቨር ነው። የዚህ ዘር የመጀመሪያው መኪና ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው። አሳቡን ያፈለቀው የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ ሲሆን፣ መነሻውም ከጦርነቱ የተረፈው የአሜሪካ ጂፕ ነበር። አካሉ ከአልሙኒየም የተሠራው በጊዜው በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይሰጥ ስለ ነበረ ነው። ብዙ ሰው ይህን «እንዳይዝግ ታስቦ» ይላል፤ ጥቅሙ እውነት ቢሆንም ምክንያቱ ግን ችግር ነበር።

በዚህ መኪና ላይ የሞተሩ ዙር ወደ ጎማው ሲሄድ ሦስት ቦታ ላይ ይቀነሳል፤ በካምቢዮው፣ ቀጥሎ ባለው አከፋፋይ ሳጥንና በዲፈረንሻሉ ላይ። በአንደኛ ማርሽ የካምቢዮው ድርሻ 3.68፣ በዝቅተኛው ደረጃ የአከፋፋዩ ድርሻ 2.35፣ የዲፈረንሻሉ 4.7 ነው። ሦስቱ ሲባዙ 40.6 ያህል ይወጣል። ይህ ማለት ጎማው አንድ ጊዜ እስኪዞር ሞተሩ ከ40 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ የመጠምዘዝ ኃይሉም ከ40 ጊዜ በላይ ይባዛል ማለት ነው። ሞተሩ 160 ኒውተን ሜትር ቢሰጥ፣ በማርሾቹ ሰበቃ አንድ አምስተኛው ይጥፋ ብንልና የጎማው ራዲየስ 0.39 ሜትር ቢሆን፣ መኪናው መሬቱን በ13,000 ኒውተን ያህል ሊገፋ ይችላል።

አሁን ደግሞ መሬቱ ምን ያህል እንደሚቀበል እንይ። መኪናው ከነጭነቱ 2,400 ኪሎ ግራም፣ ክብደቱም 23,500 ኒውተን ያህል ነው እንበል። በእርጥብ መንገድ ላይ የሰበቃው መጠን 0.3 ቢሆን፣ አራቱም ጎማዎች ቢገፉ መሬቱ የሚሸከመው 7,050 ኒውተን ብቻ ነው። የኋላዎቹ ብቻ ቢገፉና ከክብደቱ ስድሳ ከመቶው በእነርሱ ላይ ቢያርፍ 4,230 ኒውተን ይሆናል። መቶ ሜትር ሲኬድ 15 ሜትር የሚወጣ ዳገት ክብደቱን ብቻ ለመጎተት 3,500 ኒውተን ያህል ይፈልጋል። ጭቃው ጎማውን የሚይዝበት ደግሞ ከክብደቱ አንድ አሥረኛው ነው ብንል 2,350 ይጨመራል። ድምሩ 5,850 ነው። በሁለት ጎማ የሚገፋው መኪና እዚህ ዳገት ላይ ይቀራል፤ በአራት የሚገፋው ይወጣል። ሞተሩ ግን በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው! ያነሰው የመሬቱ መያዝ እንጂ የሞተሩ ጉልበት አይደለም።

በዚሁ ሒሳብ ወደ ዋልካው እንመለስ። በእያንዳንዱ የኋላ ጎማ ላይ 7,050 ኒውተን ያርፋል። በግራው ሥር ያለው ለስላሳ ጭቃ የሰበቃ መጠኑ 0.05 ቢሆን 350 ኒውተን ይይዛል። የቀኙ ጎማ ያለበት ጠጠር 0.6 ቢሆን 4,230 ኒውተን ሊይዝ ይችል ነበር፤ ነገር ግን በቀንበሩ ሕግ ምክንያት እርሱም 350 ብቻ ይሰጣል። ከኋላ በኩል የምናገኘው በጠቅላላው 700 ኒውተን ነው።

አከፋፋዩ ሳጥንና አማራጮቹ

«ትራንስፈር ኬዝ» የሚባለው አከፋፋይ ሳጥን ከካምቢዮው ቀጥሎ ተቀምጦ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ካርዳን ማካፈል ነው። ሁለተኛው ዝቅተኛውን ደረጃ መስጠት ነው። በዝቅተኛው ደረጃ አንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ዙር ሲዞር፣ ከላይ የጠቀስነው መኪና በሰዓት 5.4 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ሰው በእግሩ የሚሄደውን ያህል ማለት ነው። የዚህ ደረጃ ዋና ጥቅም በብርታት ላይ ብቻ አይደለም። ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን እያንሸራተተ ሳያቃጥል፣ ድንጋዩን በድንጋይ እየለየ በእርጋታ እንዲሄድ ያስችለዋል።

ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የማካፈሉ ጉዳይ ግን መሐንዲሶችን ለሁለት ከፍሏቸዋል። በቀደመው መንገድ አራቱ ጎማዎች የሚሠሩት ሲፈለግ ብቻ ነው። በደህና መንገድ ላይ የኋላዎቹ ብቻ ይገፋሉ፤ ሲቸግር ሹፌሩ ማንሻውን ስቦ የፊቱን ካርዳን ከኋላው ጋር ያጣብቀዋል። ሲሪስ ሦስት ላንድሮቨር እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚሠራው ሰባ ቁጥር የሚባለው የቶዮታ ላንድክሩዘር ዘርም በአብዛኛው እንዲሁ ነው። በብዙዎቹ የፊት ጎማዎች እምብርት ላይ በእጅ የሚዞር፣ «ሎክ» እና «ፍሪ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ክብ ነገር ይታያል። «ፍሪ» ላይ ሲሆን የፊት ጎማዎቹ ከዘንጎቻቸው ተለያይተው ለብቻቸው ይንከባለላሉ፤ ካርዳኑና የፊቱ ዲፈረንሻል በከንቱ አይዞሩም። ይህን ሳያዞሩ ማንሻውን ብቻ መሳብ ሞተሩን እየሠራ ጎማው እንደማይሰማው ያደርጋል። በክረምት መጀመሪያ ላይ ስንቱ መኪና በዚህ ምክንያት ብቻ ጭቃ ውስጥ ቆሞ እንደሚታይ ሹፌሮች ያውቁታል።

እንዲህ ዓይነቱ መኪና በአስፋልት ላይ አራቱን ጎማ አስገብቶ ሊነዳ አይገባውም። ምክንያቱን ከመታጠፊያው ሒሳብ መረዳት ይቻላል። በመታጠፊያ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ፤ ሁለቱ ካርዳኖች ግን ተጣብቀዋልና በአንድ ፍጥነት እንዲዞሩ ይገደዳሉ። በጭቃ ላይ ጎማው ጥቂት ተንሸራቶ ልዩነቱን ያቃናዋል። አስፋልት ግን አያንሸራትትም። በዚህ ጊዜ ዘንጎቹ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ይወጠራሉ፣ መሪው ይከብዳል፣ ማንሻውም አልወጣ ይላል። በጉልበት ከመታገል ይልቅ መኪናውን ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መንዳት ውጥረቱን ይፈታዋል። ይህን ሳያውቁ የሚነዱ ሰዎች ማርሽ ይሰብራሉ፤ ጥፋቱንም በመኪናው ላይ ያደርጋሉ።

በሌላው መንገድ አራቱም ጎማዎች ሁልጊዜ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሬንጅሮቨር፣ በ1977 የተከተለው የሶቪየቱ ላዳ ኒቫ፣ በ1983 የተጀመረው ላንድሮቨር ዋን ቴንም በዚሁ መንገድ ተሠርተዋል። ካርዳኖቹ በአስፋልት ላይ እንዳይወጣጠሩ በፊትና በኋላ መካከል ሦስተኛ ዲፈረንሻል ይገባል። እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ሦስት ዲፈረንሻል ማለት ሦስት ቀንበር ማለት ነው፤ ሁለቱ ትንንሽ ቀንበሮች በአንድ ትልቅ ቀንበር ላይ ተጠምደዋል። ከአራቱ በሬዎች አንዱ ቢለግም አራቱም ይለግማሉ። ከላይ ባሰላነው ዋልካ ላይ አራቱ ጎማዎች በጠቅላላው አራት ጊዜ 350፣ ማለትም 1,400 ኒውተን ብቻ ይሰጣሉ። ስለዚህም ነው እነዚህ መኪናዎች የመካከለኛውን ዲፈረንሻል የሚቆልፍ ማንሻ የተሰጣቸው። ሲቆለፍ የኋላው ያን 700 ኒውተኑን ይዞ ይቀራል፤ የፊቶቹ ጎማዎች ደህና መሬት ላይ ከሆኑ ግን የራሳቸውን ድርሻ በሙሉ ይሰጣሉ።

የኋላውን ቀንበር ራሱን መቆለፍ ደግሞ ከሁሉ የበለጠው መድኃኒት ነው። ቀንበሩ እንዳይጣመም ከሞፈሩ ጋር በመጠፍር ቢታሰር ብርቱው በሬ ብቻውን ሊጎትት እንደሚችል ሁሉ፣ የዲፈረንሻሉ ትንንሽ ማርሾች እንዳይዞሩ ሲደረግ ሁለቱ ጎማዎች አንድ ድፍን ዘንግ ይሆናሉ። በዚህ ጊዜ የግራው 350፣ የቀኙ 4,230፣ በጠቅላላው 4,580 ኒውተን ይገኛል። ከ700 ጋር ይመዛዘን! በዚያ ቀን የተሳፈርንበት መኪና ይህ መቆለፊያ አልነበረውም፤ አካፋና ድንጋይ ያስፈለገንም ለዚሁ ነው። ድንጋዩ የሠራው ሥራ ሌላ አልነበረም፤ ለጋሚውን በሬ ማበርታት ነበር።

በዚህ ረገድ የጀርመኑ ዩኒሞግ ልዩ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አልበርት ፍሪድሪክ የነደፈው ለእርሻ ሥራ ነበር፤ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት 1,270 ሚሊ ሜትር እንዲሆን የተደረገውም ከሁለት የድንች መደብ ስፋት ጋር እንዲገጥም ታስቦ ነው። የፊቱም የኋላውም ዲፈረንሻል ይቆለፋል። ከዚህም ሌላ የጎማው ዘንግ ከጎማው እምብርት ከፍ ብሎ ያልፍና በጎማው አጠገብ ባለ ማርሽ ወደ ታች ይወርዳል። በመሆኑም በብዙ መኪናዎች ላይ ከድንጋይ ጋር የሚጋጨው የዲፈረንሻል ሆድ በዩኒሞግ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በላንድክሩዘር ሰባ ቁጥር ላይም የፊትና የኋላ መቆለፊያ በአማራጭ ይገኛል። ገዢ መሥሪያ ቤቶች ስለ ወንበሩና ስለ ቀለሙ ከሚጠይቁት አንድ አሥረኛውን ስለዚህ መቆለፊያ ቢጠይቁ መልካም ነበር እንላለን።

በቅርብ ጊዜ የሚሠሩት ብዙ መኪናዎች ሌላ ዘዴ ይጠቀማሉ። ኤሌክትሮኒክ መሣሪያው አንዱ ጎማ ያለልክ መዞሩን ሲያውቅ የዚያን ጎማ ፍሬን ብቻ ይይዛል። ቀንበሩ ግራና ቀኙን እኩል ይገፋልና፣ ለጋሚው ጎማ በፍሬኑ ምክንያት የሚቋቋም ሲሆን ብርቱው ጎማ ያንኑ ያህል ያገኛል። ዘዴው ብልሃት ያለበት ነው። የሚቀረው ነገር ቢኖር ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ፍሬኑ መጋሉ ነው።

ስለ ቀረው አካል ብዙ አንልም። የብረት ሻንሲና ባሌስትራ መኪናውን ሸካራ ቢያደርጉትም በየትኛውም ከተማ ብየዳ ባለበት ይጠገናሉ። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው ወንዝ ሲሻገር እንደ ቤንዚኑ ቶሎ አይጠፋም፤ አየር የሚስብበት ቧንቧ ውኃ ከገባበት ግን ቤንዚንም ናፍጣም አይተርፍም።

ቁልቁለቱ

ያ ከ40 በላይ የሆነው እጥፍ በዳገት ብቻ አይሠራም። በቁልቁለት ላይ ጎማው ሞተሩን ሲያዞር፣ የሞተሩ መክበድ በዚያው ልክ ተባዝቶ ጎማውን ይይዛል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ከላይ የወሰድነው 2,400 ኪሎ ግራም መኪና አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ 23.5 ሚሊዮን ጁል መጣል አለበት። ይህ ሙቀት 70 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማድረስ ይበቃል። ማርሹን ዜሮ አድርጎ የሚወርድ ሹፌር ይህን ሁሉ ሙቀት ከሞላ ጎደል ለአራቱ ጎማዎች የፍሬን ሸራዎች ያሸክማል። ሸራው ሲግል መያዙን ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ ማርሽ ልመልስ ቢባል ፍጥነቱ አልፎ ይገኛል። «ነዳጅ ለመቆጠብ ነው» የሚለው ምክንያትም ለናፍጣ ሞተር አይሠራም፤ በማርሽ ላይ ሆኖ እግሩን ከነዳጅ ያነሣ ሹፌር ፓምፑ ነዳጁን ይዘጋለታል፣ በዜሮ የሚወርደው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ያቃጥላል። በአስፋልት ቁልቁለት ላይ አራቱን ጎማ ማስገባት አያስፈልግም። ከመውረዱ በፊት ማርሹን ወደ ሁለተኛ ወይም ወደ ሦስተኛ ማውረድ ይበቃል።

ክሪኩ

አሁን ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ወደ አነሣሣን ሁለተኛ ነገር እንምጣ። ከዋልካው ጉዞ በኋላ፣ በሌላ ጊዜና በሌላ መኪና፣ የቀኙ የኋላ ጎማ ተነፈሰና ጥቂት ተዳፋት ባለበት ቦታ ቆምን። ሹፌሩ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ክሪኩን ከሥር አስገብቶ ጎማውን ከመሬት አነሣው። ሊረዳው የተጠጋው ልጅ የጎማ መፍቻውን ሊያመጣ ብድግ እንዳለ መኪናው በቀስታ ወደ ፊት ሄደ፤ ክሪኩ ወደቀና ቸርኬው መሬቱን መታ። ልጁ ከአንድ ደቂቃ በፊት እጁን ከሥሩ አስገብቶ ነበር። ሁሉም በሹፌሩ ላይ ጮኸ። እርሱ ግን የእጅ ፍሬኑን መሳቡን ይምል ነበር፤ ገብተን ስናይ በእርግጥም ተስቧል።

በአንዳንድ መኪናዎች ላይ፣ ቀደም ሲል በጠቀስናቸው ላንድሮቨሮችም ጭምር፣ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማዎቹን አይደለም፤ ከአከፋፋዩ ሳጥን በስተኋላ ያለውን ካርዳን ነው። ካርዳኑ ሲያዝ ኮሮናው ይያዛል፤ ምራኑ ቆመ ማለት ነው። ቀንበሩ ግን በመካከሉ ላይ እንደ ልቡ ይዞራል። ሁለቱም ጎማዎች መሬት ላይ እስካሉ ድረስ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ሊዞር ስለማይችል መኪናው ቆሞ ይቀራል። አንዱ ጎማ ከመሬት ከተነሣ ግን በአየር ላይ ያለው ወደ ኋላ እየዞረ መሬት ላይ ያለው ወደ ፊት ይንከባለላል። የፊት ጎማዎቹም ያልተያያዙ ከሆነ መኪናውን የሚይዘው ምንም ነገር የለም። ማርሽ አስገብቶ መተውም በዚህ ጊዜ አያድንም፤ ማርሹም የሚይዘው ያንኑ ካርዳን ነውና። የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማዎቹን በሚይዝ መኪና ላይ እንኳ የተነሣው ጎማ ሊይዝ አይችልምና መሬት ላይ የቀረው አንዱ ብቻውን ይቀራል።

የሚያድነው መሬት ላይ ከሚቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ ማስደገፍ ነው። ይህም ክሪኩ ከመነሣቱ በፊት ይደረጋል። የፊቱ ዲፈረንሻል ያለው መኪና እምብርቱ «ሎክ» ላይ ተደርጎ አራቱ ጎማ ቢገባ ይበልጥ ይረዳል፤ ድንጋዩን ግን አይተካም። ሙያ ያላቸው ተማሪዎች በሚሠለጥኑበት ጋራዥ ይህን ማየት ቀላል ነው፤ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በጠንካራ መደገፊያ ላይ አንሥቶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ማርሹ እንደ ገባ፣ አንዱን ጎማ በእጅ ሲያዞሩት ሌላው በተቃራኒው ይዞራል።

ሹፌሩን በኋላ ይቅርታ ጠይቀነዋል። ከዚያ ወዲህ ከእጩ መምህራን ጋር ስንጓዝ ጎማ የተነፈሰ እንደ ሆነ ድንጋይ ፍለጋ የሚወርደው አንደኛው እጩ መምህር ነው፤ ለምን እንደሚያስፈልግም፣ ስለ ቀንበሩ እየነገረ፣ ዙሪያውን ለከበቡት ልጆች ያስረዳል።